«ጨርሷል» አይበቃም

«‹ጨርሷል› ነው የሚለው፤ ‹ድኗል› አይልም» የሚል ድምፅ ከመኝታ ቤቱ ተሰማ። ሳሎን የተቀመጠው ማኅተም ቀራጭ ጉሮሮውን ሊጠርግ አሰበና ተወው፤ በዚህ ቤት ጉሮሮ መጥረግ ማስረጃ ሆኖ ይያዝብሃል። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። የምትናገረው የሴት ልጁ አማት ናት፤ ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ስትመራ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ሰፈሩ ሁሉ እስካሁን ዳይሬክተሯ እያለ የሚጠራት ሴት። በእጇ የያዘችው ወረቀት ደግሞ የእሱ ነው፤ ስድስት ወር ሙሉ የቲቢ መድኃኒት ሲውጥ ከርሞ ትናንት ከጤና ጣቢያ የተሰጠው። «ልብ በይ ልጄ» አለች ዳይሬክተሯ ለምራቷ፣ «‹ጨርሷል› የተባለው ስለ መድኃኒቱ ነው። ‹ድኗል› የሚባለው ስለ ሰውየው ነው። ሁለቱ አንድ ቢሆኑ ኖሮ ሁለት ቃል ባላስፈለገ። ‹ድኗል› የሚል ወረቀት ያምጡና ሕፃኑን እንደ ልባቸው ይታቀፉ፤ እኔ እሳቸውን ጠልቼ አይደለም።» ምራቷ፣ ማለትም የማኅተም ቀራጩ አንድያ ልጅ፣ ወረቀቱን ተቀበለቻት።

የተቀመጠበት ወንበር ለእሱ ተብሎ መስኮቱ ሥር የተደረገ ነው። የመስኮቱ ሁለቱም መዝጊያዎች ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ አማቹ ገና ግቢ ውስጥ ሲያየው ነበር ሮጦ የከፈታቸው። ለሌላው ሰው ሻይ በብርጭቆ ሲቀርብ ለእሱ በወረቀት ኩባያ ቀረበ። ይህን ማንም አላነሳውም፤ እሱም «ቢወድቅም አይሰበር» ብሎ ራሱን አጽናንቷል። ሳሎኑ ልቅም ያለ ነው። ወንበሮቹ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተሰልፈዋል፤ የግድግዳው ሰዓት ሆን ተብሎ አምስት ደቂቃ እንዲቀድም ተደርጓል፤ ዳይሬክተሯ ከጡረታ በኋላም ሰው እንዲያረፍድባት አትፈልግም። ከውስጥ አልፎ አልፎ የሚሰማው ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ የልጅ ልጁ ነው። ሦስት ሳምንቱ ነው። አያቱ እስካሁን ያየው ከበር ላይ፣ በሦስት ሜትር ርቀት፣ ያውም የአፍንጫውን ጫፍ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ልጁና ባሏ ሕፃኑን ይዘው አንድ ሙሉ ቀን በአውቶብስ ወደሚያስኬደው ወደሚሠሩበት ከተማ ይመለሳሉ። ዛሬ ካልታቀፈው መቼ እንደሚታቀፈው እግዜር ይወቅ።

ልጁ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ዓይኑን ላለማየት ያልተዛነፈውን የጠረጴዛ ጨርቅ እያስተካከለች፣ «አባዬ፣ ቃሏን ብቻ ቢቀይሩልህስ?» አለችው። «ሌላ ነገር የለም እኮ። ‹ድኗል› ብለው ቢጽፉልህ ነገሩ ያበቃል።»

«ምን አላት ይቺማ!» አለ እየተነሣ። «ቸኩለው ነው እንዲህ የጻፉት። እስከ ማታ አስተካክዬው እመጣለሁ።»

ቸኩለው እንዳልጻፉት ያውቃል። ትናንት ከእሱ ጋር መድኃኒት ለጨረሰ ለአንድ ሹፌር «ድኗል» ተብሎ ሲጻፍ አይቷል። ቲቢ እንዳለበት በተነገረው ቀን እዚያው ክፍል ውስጥ ሌላ ነገርም ተነግሮታል፤ ኤች አይ ቪም በደሙ ውስጥ ተገኝቷል። ከየት እንዳመጣው እሱ ያውቃል፤ እኛ ምን አገባን። ቲቢውን ለልጁ ነገራት። ያኛውን ግን ልክ እንደ ክኒኑ በየማታው ዋጥ ያደርገዋል። ነፍሰ ጡር ናት ብሎ ዝም አለ፤ ወለደች ብሎ ዝም አለ፤ አሁን ደግሞ እንግዳ ናት፣ ልትሄድ ነው ብሎ ዝም ሊል ነው። ዝም የሚባልበት ምክንያት መቼም አይጠፋም። የእሱ ፍርሃት የታወቀ ነው፤ «የአባትሽ ነገር» እየተባለች በሰው ቤት አንገቷን እንዳትደፋበት ነው።

በአንዲት ቃል የተነሣ እንዲህ መብከንከኑ ለሌላ ሰው ያስቅ ይሆናል፤ እሱ ግን በቃል እንጀራውን የሚበላ ሰው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አጥር ሥር፣ እግር በማያዘረጋ የቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ፣ ክብ ማኅተምና ቃል ብቻ የሚመታ ቲተር ሲቀርጽ ኖሯል። ፊደልን ገልብጦ ጎማ ላይ መቅረጽ ከመልመዱ የተነሣ ጋዜጣ ዘቅዝቀው ቢሰጡት ሳያቃናው ያነባል። «ምክትል» የሚለውን ቃል ከማኅተሙ ላይ አስፍቀው ዋና ለመሆን የመጡ ሰዎች ያውቃል። ለአንዳቸውም አልሠራም። «ደብዳቤ የለም? ማኅተም የለም!» ብሎ የሸኛቸው ሰዎች ቢሰለፉ ከኪዮስኩ እስከ ታክሲ መያዣው ይደርሳሉ። ጋሽ ማኅተም የሚል ስም ያወጡለትም እነሱው ናቸው፤ መጀመሪያ ለስድብ ነበር፣ ኋላ ላይ ማዕረግ ሆነለት። ወደ ጤና ጣቢያው በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ጥጉን ይዞ ወረቀቱን በድጋሚ አየው። «የሕክምና ውጤት» ከሚለው ፊት በትንሽ ቲተር «ጨርሷል» ተብሎ ተመትቷል። የ«ጨ» እግሮች እኩል አይደሉም፤ የማን ሥራ እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ የእሱ አይደለም። በፊደል ብዛት እንኳ ቢሆን «ጨርሷል» ባለ አራት ነው፣ «ድኗል» ባለ ሦስት። በአንድ ፊደል በልጦ መናቁ አናደደው።

የቲቢ ክፍሉ ከጤና ጣቢያው ግቢ መጨረሻ ላይ ለብቻው የቆመ ነው፤ ሦስት መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ውጭ ደግሞ ለተራ ጠባቂዎች የሚሆን ረጅም አግዳሚ። አግዳሚው ላይ አራት ሰዎች አፍንጫና አፋቸውን ሸፍነው ተቀምጠዋል። እሱም ከስድስት ወር በፊት ጫፉ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሱሪው በገመድ ታስሮ፣ ለመቀመጥ እንኳ የሰው እጅ ይዞ። አሁን ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውጭ ተመልሷል። አንዷ ወጣት እየሳለች ቦታ ስትለቅለት «ተቀመጪ ልጄ፣ እኔ ለጠብ ነው የመጣሁት» አላት፤ ልጅቷም ሣቀች። በር ላይ ሲደርስ መድኃኒቱን ስትሰጠው የከረመችው ሲስተር ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ክብ፣ ምላሷ ስል የሆነች፣ እንኳን ሰው ክኒን የሚያመልጣት የማትመስል ሴት ናት።

«እንዴ አባባ! ትናንት ተሰነባብተን አልነበር? ከአሁኑ ናፈቅኩዎት?»

«የሰጠሽኝ ቃል አልሆነኝም» አለ ወረቀቱን ዘርግቶ። «ሌላ ቀይሪልኝ። ‹ድኗል› የሚል።»

ሲስተሯ ሣቀች፤ የእሱ ፊት ግን ሳይፈታ ሲቀር ተወችው። ስለ ሕፃኑ፣ ስለ ዳይሬክተሯና ስለ ነገው ጉዞ ሲነግራት ቀለም ስትጨምርበት የነበረውን የማኅተም ፓድ ከደነችና ትልቁን መዝገብ አወጣች። የስሞቹን ዓምድ በነጭ ወረቀት ሸፍና መጨረሻ ያለውን የውጤት ዓምድ ብቻ ገልጣ ተወችው። ማኅተም ቀራጩ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ፊደሉ ተገልብጦበት ሳለ ሁሉንም አነበበ፤ ድኗል፣ ጨርሷል፣ ጨርሳለች፣ ሞቷል፣ ድናለች፣ ጠፍቷል፣ ሞታለች።

«‹ድኗል› የምለው» አለችው፣ «መጀመሪያ አክታው ላይ ጀርሙ ታይቶ፣ በመጨረሻ ሲመረመር ጀርሙ ለጠፋለት ሰው ነው። የእርስዎ አክታ ላይ መቼ ታየ? ደጋግመን መረመርን፤ ምንም የለም አለን። ዶክተሩ መድኃኒቱን ያስጀመረዎት ራጁን፣ ሳሉንና የከሳ ገላዎን አይቶ ነው። መጀመሪያ ያላየሁትን ነገር መጨረሻ ላይ ጠፋ ብዬ እንዴት ልጻፍ?»

«እና ጀርሜ አነሰ ነው የምትይኝ?»

«አክታዎ ላይ አነሰ። በሽታው መቼ አነሰ! ያኛው ሰውነትን ሲያደክም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ቲቢው ሳንባን እየበላ አክታ ላይ ሳይታይ ይቀራል። አክታህ ንጹሕ ነው ተብሎ ቤቱ ገብቶ የቀረ ስንት ሰው አለ።» ጣቷን በዓምዱ ላይ ወደ ታች አወረደች። «እርስዎ በገቡ ጊዜ ሁለቱን አንድ ላይ ይዘው የመጡ ዘጠኝ ነበሩ። ሁለቱ ሞቱ። አንዱን ቤቱ ድረስ ሄጄ ፈልጌ አጣሁት። ስድስት ቀሩኝ። ከስድስቱ አንዱ ይኸው ፊቴ ተገትሮ ስለ ፊደል ይጨቃጨቀኛል።» ዓይኗ ውስጥ ያለውን ለመሸሸግ መዝገቡን ጎተት አደረገችው። «ለአለቆቼ ቆጥሬ ሳቀርብ ሁለቱም ቃላት ‹የተሳካ› ከሚለው ሥር ነው የሚደመሩት። ከፈለጉ ለሴትየዋ አሁኑኑ እደውልላታለሁ። ለማንም እንደማያስተላልፉ፣ ማስተላለፍ ካቆሙም ወራት እንዳለፉ እነግራታለሁ። ታዲያ ለምን ‹ድኗል› አልተባለም ብላ ከጠየቀችኝ ግን ዝም ነው የምላት። ያ የእርስዎ ነው፤ የእኔ አይደለም።»

አስደውሎ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ባለቀ። ግን ዳይሬክተሯን ያውቃታል፤ ስልክ ላይ ዝምታ የሰማች እንደሆነ ሁለት ገጽ ሪፖርት ትጽፍበታለች። «ተይው» አላት። «እኔው የማደርገውን አደርጋለሁ።» ሲስተሯ እጁን ጨብጣ ሳትለቅ ቆየች፤ «ሕፃኑን ሳሙልኝ» አለችው፣ እንደሚታቀፈው እርግጠኛ ሆና።

የሚያደርገው ነገር ምን እንደሆነ ኪዮስኩን ሲከፍት ነው የታወቀው። ከመሳቢያው አንድ ቁራጭ ጎማ አነሣ፣ ምላጩን ሳለ፣ ተቀመጠ። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። «ድ»ን፣ «ኗ»ን፣ «ል»ን ገልብጦ ቀረጻቸው፤ የ«ኗ»ን እግር ሲያወጣ ትንፋሹን እንኳ አልሰማም፣ ዓይኑና ምላጩ ብቻ ነበሩ። እንጨት ላይ ለጠፈውና በሰማያዊ ቀለም ነክሮ አሮጌ ወረቀት ላይ መታው። ድኗል። በዓመቱ ከሠራቸው ሁሉ ያማረ ሥራ ወጣው። ከዚህ በኋላ የቀረው ቀላል ነው፤ «ጨርሷል» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዞ ከላዩ ይቺን መምታት ብቻ። መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ዳይሬክተሯም ራሷ በሥራ ዘመኗ ስንቴ አድርጋዋለች። የጤና ጣቢያውን ወረቀት ዘረጋውና አሮጌውን ወረቀት ከጎኑ አድርጎ ሁለቱን ቃላት ሲያስተያይ ቆየ። ልጁ በሩ ላይ ስትቀበለው፣ ሕፃኑ ክንዱ ላይ ሲያርፍ ታየው። ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ የሆነ ነገር ጎረበጠው።

ከጎኑ ባለው ኪዮስክ ኮፒ የምታነሣው ጎረቤቱ አንገቷን አሾልካ አየች። ያየችው ነገር የማያመልጣት፣ ያወቀችውን ሳትናገር የማታድር፣ ግን ልቧ የማር ጠጅ የሆነ ሴት ናት። «አቤት ስታምር!» አለች ማኅተሟን አይታ። «የማን ናት?»

«የኔ።»

«የርስዎ? እሺ ደብዳቤውስ?» ብላ ከት ብላ ሣቀች።

ለቀልድ ነው ያለችው። የኮፒ ወረቀቷን እየቆጠረች ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እሱ ግን እዚያው ደርቆ ቀረ። ሃያ ስድስት ዓመት ስንቱን ቀማኛ «ደብዳቤ የለም? ማኅተም የለም!» ሲል ኖሮ ለራሱ ሲሆን ደብዳቤውን ማን ጻፈለት? እሺ ይሁን፣ መታው፣ ተቀበለችው እንበል። በሐሰት ማኅተም የታቀፈው ሕፃን ክንዱ ላይ ምን ያህል ይከብደው ይሆን? አፈረ። በገዛ ሥራው ያፈረበትን ቀን አያስታውስም ነበር፤ ዛሬ አገኘው። ምላጩን አነሣና ያቺን ያማረች ጎማ ለሁለት ቆርጦ ቆሻሻ ውስጥ ጣላት። ኪዮስኩን ዘግቶ ሲሄድ ጎረቤቱ «ዛሬ በጊዜ?» ስትለው «የልጅ ልጄን ልታቀፍ» አላት፤ ሲለው ራሱንም ገረመው፣ እንዴት እንደሚታቀፈው ገና አላወቀምና።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ በዳይሬክተሯ ሰዓት አሥራ አንድ ከአምስት፣ በሩን አንኳኳ። የከፈተችለት ራሷ ናት። አማቹ ለነገ ጉዞ ትኬት ሊቆርጥ ወጥቷል፤ ልጁ ውስጥ ሕፃኑን እያጠባች ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ሻንጣዎች ታስረው ቆመዋል። ዳይሬክተሯ መነጽሯን አድርጋ እጇን ዘረጋች።

«አመጡት?»

«አላመጣሁትም። ቃሉ ልክ ነው፤ የሚቀየር ነገር የለውም።» ቆሞ ነው የሚናገረው፤ ቢቀመጥ ድፍረቱ አብሮ የሚቀመጥ መሰለው። «ለምን ‹ድኗል› እንደማይባል ልንገርዎት። መጀመሪያ ጀርሙ አክታዬ ላይ አልታየም። ያልታየውም ሌላም በሽታ ስላለብኝ ነው። ኤች አይ ቪ አለብኝ። መድኃኒቱን በየማታው እወስዳለሁ፣ ጤነኛ ነኝ። ልጄ አታውቅም። እንግዲህ አወቁ።»

ከመኝታ ቤቱ የሚሰማው ነገር ሁሉ ቆመ። ዳይሬክተሯ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። ማኅተም ቀራጩ ሻንጣዎቹን ይቆጥራል፤ ሁለት ናቸው፣ ደግሞ ቆጠራቸው፣ ሁለት ናቸው።

«አክታውን ስንት ጊዜ መረመሩት?»

«ሦስት ጊዜ።»

«መድኃኒቱንስ? አንድም ቀን አላቋረጡ?»

«አንድ ቀን። እሱም ዝናብ ሆኖብኝ ነው። በማግሥቱ ሲስተሯ ጃንጥላ ይዛ ቤቴ ድረስ መጣችብኝ፤ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ጮኸችብኝ።»

ዳይሬክተሯ ልትስቅ ብላ አፏን ይዛ ተቀመጠች። ስትናገር የሰልፍ ሜዳ ድምጿ ጠፍቶ ነበር። «የልጄ አባት» አለች፣ «ይሄንኑ መድኃኒት ጀምሮ ነበር። ሦስተኛው ወር ላይ ተሻለኝ ብሎ ተወው። ጨርስ፣ እባክህ ጨርስ እያልኩ ስንት ለመንኩት መሰልዎ። ከሞተ በኋላ መዝገቡን አሳዩኝ ብዬ ሄድኩ። ‹አቋርጧል› ይላል። እኔ ለዚያ ሰውዬ ‹ጨርሷል› የምትለዋን ቃል ባገኝለት ኖሮ ቤቴን በሸጥኩ ነበር።» መነጽሯን ጉልበቷ ላይ አኖረችው። «ዛሬ ጠዋት ይዘዋት ሲመጡ አልበቃ አለችኝ። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ሰዋስው ሰበብ ነው።»

«ያኛውስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ያኛው ምን? በማቀፍ እንደማይተላለፍ ለስንት ክፍል አስተምሬያለሁ። ፈተና ላይ እንኳ አወጣው ነበር፤ ባለ ሁለት ነጥብ ጥያቄ ነው።» ወደ መኝታ ቤቱ ዞራ ድምጿን መለሰችው። «አንቺ ልጅ! ስትሰሚ ቆይተሻል አይደል? ሕፃኑን ይዘሽ ነይ!»

ልጁ ወጣች። አልቅሳለች፤ ማልቀሷን ለመደበቅም አልሞከረችም። አባቷ ፊት ቆመች።

«ለኔ አትነግረኝም ነበር?»

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»

«ስታረጂ።»

ሣቅና ለቅሶዋ ተደባልቀው አስነጠሷት። «አባዬ፣ አንተን እኮ ነው እንጂ ወረቀትህን መቼ ፈለግኩ» አለችው። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ በእነዚህ አባትና ልጅ መካከል ይሄም ብዙ ነው። ሕፃኑን ክንዱ ላይ አኖረችለት፣ አንገቱን እንዴት እንደሚይዝ ጣቶቹን አንድ በአንድ አስተካከለችለት፣ እጇንም ሳበች።

ማኅተም ቀራጩ ግትር ብሎ ቆመ። ሕፃኑ ሞቃት ነው፣ ከጠበቀው በላይ ቀላል ነው፣ ከጠበቀው በላይ ደግሞ ያስፈራል። ፊቱን ወደ ጎን አዞረ። ደቂቃ ያህል አለፈ። ጆሮዎቹ ቀሉ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዳይሬክተሯ መጀመሪያ ደስታው ነው ብላ ተወችው፤ ኋላ ግን ደረቱን ብታየው ከፍም ዝቅም አይልም። ሰውየው ሕፃኑ ላይ እንዳይተነፍስ ትንፋሹን ይዟል።

«ይተንፍሱ እንጂ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች ከወንበሯ ብድግ ብላ። «ጨርሰዋል አይደል እንዴ!»

ፊቱን ወደ ሕፃኑ መለሰና በረጅሙ ተነፈሰ። የሕፃኑ ግንባር ላይ ያለችው ስስ ፀጉር ተነቃነቀች፤ ሕፃኑም ቅንድቡን ቋጥሮ አንድ ጊዜ አየውና ተመልሶ ተኛ።